ባዶ የተባለው ሜዳ

ሐምሌ ላይ ነበር። ችግኝ የጫነ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ፤ እንግዶች ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው ወረዱ፤ ጉድጓዱ ከሁለት ቀን በፊት ተቆፍሮ ስለነበር ሥራው ብዙ አልቆየም። ሁለት መቶ ያህል የጽድና የግራቪሊያ ችግኝ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ በመስመር ተተከለ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ውኃና ኬክ ቀረበ። ከእንግዶቹ አንዱ ንግግር ሲያደርጉ «ይህ ባዶ ቦታ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደን ይሆናል» አሉ። አጨበጨብን። እኔ እንዲያውም ከልቤ ነበር ያጨበጨብኩት። የማስተምረው አካባቢ ሳይንስ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቀን ካልወደድኩ ምን ልወድ ነው?

መስከረም ላይ ልጆቹ ተመለሱ። ችግኞቹ የተተከሉት ለካ በሁለቱ ጎሎች መካከል ነው። ጎሉ ሁለት ሁለት ድንጋይ ስለሆነ ክረምት ላይ ለሚመጣ እንግዳ አይታይም። እኔ ግን በየቀኑ የማየው ሰው ነበርኩ። ጥቅምት ሲያልቅ ቆመው የቀሩት አጥሩን የተጠጉት ችግኞች ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ሰልፍ ላይ ተገሠጹ፤ ተፈጥሮን የማይወድ ትውልድ ተባሉ። ወደ ክፍል ስንገባ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ጠጋ ብሎ በቀስታ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ቀድመን ነበርን» አለኝ።

ያቺ አረፍተ ነገር ሥራዬን አበላሸችብኝ፤ ወይም አስተካከለችልኝ።

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ በመጀመሪያው ሳምንት «አካባቢያችሁን ሣሉ» እላቸዋለሁ፤ በየዓመቱም ያው ሥዕል ይመጣል። ሁለት ሾጣጣ ተራራ፣ በመካከላቸው ብቅ ያለች ፀሐይ፣ አንድ የሣር ቤት፣ ሰማያዊ ወንዝ፣ ቀይ ፍሬ ያንዠረገገ ዛፍ። የብሎኬት ማምረቻውን የሚሥል የለም። ጋራዡን፣ ከረንቡላ ቤቱን፣ ባጃጅ የሚጠመዘዝበትን ጭቃ የሚሥል የለም። ከግቢያችን ተራራ አይታይም አልልም፤ ጥርት ባለ ጠዋት ወጨጫ በምዕራብ በኩል ቁጭ ብሎ ይታያል። ግን ወጨጫ ሾጣጣ አይደለም፤ ወንዛችንም ሰማያዊ አይደለም። ልጆቹ «አካባቢ» የሚባለው ነገር ሌላ ቦታ ያለ፣ ሰው ያልነካው፣ እነሱ የማይኖሩበት አገር መስሏቸዋል። ይህን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

ስለዚህ «የመሬት አጠቃቀም» የሚለውን ምዕራፍ ከሜዳው ልጀምር አልኩ። ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ መኖሪያ፣ ንግድ፣ መንገድ፣ እርሻ፣ ባዶ። ሃምሳ አምስት ልጆች በአምስት በአምስት ተከፋፍለው በሰፈሩ ውስጥ ባዩት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ነው። ሲመለሱ የሠንጠረዡ ግማሽ «ባዶ» ላይ ምልክት ነበረበት። ሜዳው ባዶ፣ የወንዙ ዳር ባዶ፣ የመስጊዱ ፊት ለፊት ባዶ፣ የደመራው ቦታ ባዶ። እንግዳው የተናገሩትን ቃል እኔው አባዝቼ አድያቸው ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት «ባዶ» የሚለውን አውጥቼ «ሌላ» የሚል ዓምድ አስገባሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነገር «ሌላ» ሆነ።

በመጨረሻ ሠንጠረዡን ጣልኩት። አሁን ለእያንዳንዱ ቡድን የምሰጠው አንድ ነጠላ ወረቀት ነው፤ «እዚህ ቦታ ላይ እገሌ ይህን ያደርጋል» የሚል አረፍተ ነገር በተለያየ ሰው እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይላሉ። አንዱ ቡድን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ አንዱ በምሳ ሰዓት፣ አንዱ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፈቃደኞቹ ደግሞ ቅዳሜ። ጠዋት ፍየሎች ያልፋሉ። ረፋድ ላይ አንዲት እናት ሸራ ዘርግተው በርበሬ ያሰጣሉ፤ በርበሬው የተሰጣበትን ጥግ ኳስ ተጫዋቾቹ እንደ አውት መስመር ይቆጥሩታል። የእድር ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። በዓል ሲደርስ በግ ይሸጥበታል። ሴቶቹ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበት ጠፍጣፋ መሬት በስተግራ ነው፤ ወንዶቹ ብይ የሚጫወቱበት ጉድጓድ በስተቀኝ።

በዚህ ሥራ የተማርኳት አንዲት ዘዴ አለች። ልጅን «ምን ታያለህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «ምንም» ይላል። «ይህን መሬት ማን ረገጠው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ጎንበስ ይላል። የሜዳውን ሣር ሰያፍ የሚቆርጠውን አቋራጭ መንገድ ያገኙት ጎንበስ ብለው ነው። መንገዱ ከዳቦ ቤቱ ተነሥቶ እስከ ተሰበረው የአጥር ብረት ይደርሳል፤ ከሁለት መቶው ችግኝ ሁለቱ ረድፎች የተተከሉት በትክክል እዚያ መንገድ ላይ ነበር።

ስለ ካርታም አንድ ነገር ልናገር። አንድ ቀን «ነገ የሰፈራችንን ካርታ እንሠራለን» ብዬ ክፍሉን ለቀቅሁ። በማግሥቱ ሦስት ልጆች ቀሩ። አንደኛዋ በሦስተኛው ቀን ስትመጣ «ቲቸር፣ እኛ ካርታ የለንም» አለችኝ። ለካ በቤታቸው «ካርታ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤቱ ሕጋዊ ማስረጃ። በእኛ ሰፈር ሌሊት ተሠርቶ የሚያድር የጨረቃ ቤት የሚባል አለ፤ ከእንዲህ ያለ ቤት የሚመጣ ልጅ ስለ ካርታ ሲጠየቅ ቤተሰቡን የሚያሳጣ ነገር ሊያመጣ መስሎት ይፈራል። ከዚያ ወዲህ ቃሉን አልጠቀምም። «የሰፈር ንድፍ» እላለሁ፤ የማንም ልጅ ቤት በንድፉ ላይ በስም አይጻፍም፤ የቤተሰብን ይዞታ የሚነካ ጥያቄ ከክፍሌ አይወጣም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የ1967ቱ አዋጆች ያመጡትን ለውጥና ሊዝ የሚባለውን ሲያድጉ ይማሩታል። እንዲያውም ከእኔ በላይ ከእራት ሰዓት ወሬ ያውቁታል።

በስሞች የጀመርነው ጨዋታ ግን ያለ ፍርሃት የሚጫወቱት ነው። የቤት ሥራው አጭር ነው፤ «ሰፈራችን ለምን እንዲህ ተባለ?» ብለህ ቤት ውስጥ ካሉት ትልቅ ሰው ጠይቀህ ና። አጣና ተራ ቀላሉ ነው፤ ዛሬም አጣና ስለሚሸጥበት። ከአጣናው ወደ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ዐፄ ምኒልክ እንሄዳለን። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የሚነድ እንጨት ጠፋ፤ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር። ከተማዋን ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመነጨው፣ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ የተባለው ነው። ልጆቹ የአጣናውን አገልግሎት ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ቋሚው የቱ፣ ማገሩ የቱ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት። እኔ ከእነሱ ተምሬያለሁ። «ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ መጥፎ ዛፍ ነው» ብዬ ስጀምር አንዱ እጁን አውጥቶ «ቤታችን እኮ እሱ ነው ያቆመው» አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሁለት እውነት አብሮ መያዝ አያቅተውም፤ የሚያቅተው መምህሩን ነው።

አየር ጤና ሲነሣ ይስቃሉ፤ በተለይ የአይሱዙ ጭስ መንገዱን በሸፈነ ቀን። ዓለም ባንክን ብዙዎቹ የባንክ ቅርንጫፍ ያለበት ሰፈር ይመስላቸዋል፤ ስሙ በባንኩ ገንዘብ ከተሠሩ ቤቶች እንደመጣ ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ገፈርሳ ላይ ስንደርስ ግን ሁሌ አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ አለ፤ ፊቱ ይበራል። «ጎሽ ማለት ነው!» ይላል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጎሽ? እዚህ? በአምቦ መንገድ የምናውቀው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ውኃ የሚያጠጣው ግድብ? «ቲቸር፣ ጎሾቹ የት ሄዱ?» ይህን ጥያቄ አልመልስላቸውም። ጎሽ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል፣ ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል የሚለውን ለሳምንት እንዲያጠኑ እሰጣቸዋለሁ፤ መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ሲደርሱበትም ደስ አይላቸውም።

አንድ ዓመት የአንድ ተማሪ አያት ክፍል መጥተው ነበር። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው በእኔ ወንበር ተቀመጡ፤ ልጆቹ ሳይነገራቸው ብድግ አሉ። በመስኮቱ በኩል ባለ አራት ፎቁን እያሳዩ «ያ ባቄላ ነበር» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ያለው አተር። እሸቱን እየጠረጠርን ነበር ከቤተ ክርስቲያን የምንመለሰው።» ከኋላ ወንበር አንዷ «እማማ፣ ማን ወሰደብዎት?» አለቻቸው። ትንሽ አሰቡና «ማንም አልወሰደብኝ፤ ከተማው መጣ» አሉ። ከዚያ ወዲያው «ግን ባቄላው ከሁሉ ይሻል ነበር» ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በኮልፌ ቀራኒዮ አካባቢን ማስተማር የከተማዋን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን፣ ሳያነሡ አይሆንም። እኔ ያነሣሁት ክፉኛ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን «ንጹሕ አካባቢ»፣ በሌላው «ቆሻሻ አካባቢ» ብዬ ጻፍኩና ምሳሌ ጠየቅሁ። አንዱ «ቆሼ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም በጠመኔዬ ጻፍኩት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች። ሲደወል ሁሉም ወጥቶ እሷ ቀረች። «እናቴ እዚያ ነው የምትሠራው» አለችኝ። «እናቴ ግን ቆሻሻ አይደለችም።» ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ምንም ብል አይጠቅምም ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ገና አልጠፋም ነበር።

ዛሬ ያንን ትምህርት የምጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው፤ «ቆሻሻው የማን ነው?» እያንዳንዱ ልጅ ትናንት ከቤቱ የወጣውን ይዘረዝራል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ አመድ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ዳይፐር። ቀጥሎ ከእነዚህ የትኛው ይሸጣል? እዚህ ላይ መምህሮቹ እነሱ ይሆናሉ። ቆራሌው የትኛውን በምን እንደሚለውጥ፣ መዳብ ከአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየም ከብረት እንዴት እንደሚበልጥ፣ ክዳኑ ለምን ከሃይላንዱ ተለይቶ እንደሚቀመጥ ቤተሰቦቻቸው ከዚህ የሚኖሩ ልጆች ያስረዱናል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ማንም የማይገዛው ሦስት አራት ነገር ይቀራል፤ ያ ነው ወደ ቆሼው ተራራ የሚሄደው። አብዛኛው ፌስታል ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ፌስታልን እንደሚከለክል ስነግራቸው «ታዲያ ዳቦ በምን እንይዛለን?» አሉኝ። ዘንቢልን የሚያውቁት ከክፍሉ ግማሹ ናቸው።

ቆሼ፣ በወግ ስሙ ረጲ፣ ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ነው። ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከአጠገቡ ደግሞ የዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ በኋላ አለርት የተባለው፣ በሥጋ ደዌ የታመሙ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው የሚታከሙበት፣ ብዙዎቹም ወደመጡበት መመለስ አቅቷቸው ጎጆ ቀልሰው የቀሩበት ሰፈር ነበር። ከተማዋ ዓይኗ እንዲያይ ያልፈለገችውን ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ አኖረችው ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ከተማዋ ራሷ አደገችና መጥታ ከበበችው። በ2008 ዓ.ም. የቆሻሻው መኪና ወደ ሰንዳፋ ማምራት ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ውኃችንንና ከብታችንን በከለብን ብለው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ለካ ሰንዳፋም ሰው ነበረበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

አሁን የማስተምራቸው ልጆች ያኔ ወይ አልተወለዱም ወይ ጨቅላ ነበሩ። ታሪኩን ግን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ከቤት ውስጥ ፎቶ ጋር። ስለዚህ አላስፈራራቸውም፤ ለምን እንደሚናድ ብቻ አሳያለሁ። ከበራችን ውጭ ብዙ ጊዜ የሕንጻ አሸዋ ክምር አይጠፋም። ባለቤቱን እናስፈቅድና በጆግ አሸዋ ቀስ እያልን እንቆልላለን። ክምሩ ከተወሰነ ሹልነት በላይ አይቆምም፤ ከጎኑ ይንሸራተታል። ትንሽ ውኃ ስናርከፈክፍበት ይጠነክራል፤ ልጆቹ «ተሻለ!» ይላሉ። ብዙ ስንጨምር ድንገት እግሩ ይከዳዋል። ከሥሩ በእንጨት ስንቆፍርለትማ ወዲያው ነው። ከዚያ ማብራሪያ አልጨምርም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከክምሩ ጎን ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመርቋል፤ ጭስ ማውጫውን ከአውቶቡስ ላይ ያዩታል፤ ስለ እሱ ሲጠይቁኝ ስለ እሳትና ስለ እንፋሎት የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።

የመጨረሻው ጉዟችን ውኃ ነው። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሃይላንድ በጎኑ እንቆርጣለን፤ በአንዱ ከነሣሩ የተነሣ አፈር፣ በሌላው ጭድ የለበሰ አፈር፣ በሦስተኛው ራቁቱን አፈር። በሦስቱም ላይ አንድ አንድ ጣሳ ውኃ እናፈስሳለን፤ አፋቸው ሥር ብርጭቆ ይደረጋል። ከሣሩ የወጣው ጠላ የመሰለ ቀላል ቢጫ፣ ከጭዱ ትንሽ የደፈረሰ፣ ከራቁቱ ደግሞ ቡና ከነአተላው። ልጆቹ ሦስቱን ብርጭቆ እንደ ሻይ ቤት አስተናጋጅ ዞረው ያቀርቧቸዋል። ከዚያ ዝናብ ሲያባራ በትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን ቦይ ተከትለን እንወርዳለን፤ አንድ የግራዋ ቅጠል ውኃው ላይ ጥለን በሩጫ ማሳደድ ነው። ቅጠሉ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትንሹ አቃቂ ይገባል። እኛ እዚያ እንቆማለን፤ ቅጠሉ ግን ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። «የኛ ፌስታል አፋር ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። በዚያ ሐሳብ ትንሽ ኩራትም የተሰማው ይመስለኛል።

በወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ ይበቅላል። ገበሬዎቹ ሰላምታ ይሰጡናል፤ አንዳንዶቹ የተማሪዎቼ ወላጆች ናቸው። ከላይ በኩል ከፋብሪካና ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ውኃ በለሙ አትክልቶች ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። «ቲቸር፣ ጎመኑን እንብላ ወይስ አንብላ?» ይህ ጥያቄ ሲመጣ የጎመኑ ባለቤት አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ነው። ማጠብ ከላይ ያለውን እንጂ ሥሩ የጠጣውን እንደማያወጣ እነግራቸዋለሁ። ገበሬው ወንዙን እንዳላቆሸሹትም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም፤ ልጆቹም ዝም ይላሉ፤ ሰውዬው እሸት በቆሎ ሲሰጧቸው ግን ወዲያው ይበላሉ።

ባለፈው ጊዜ ከዚያ ስንመለስ እጃቸውን እንዲታጠቡ ወደ ቧንቧው ሰደድኳቸው። ቧንቧው ደርቆ ነበር፤ ፈረቃችን አልነበረም። ጥበቃው ጋሽዬ ቢጫውን ጄሪካን አንሥተው በየተራ እጃቸው ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። የጎሹን ነገር ያመጣው ልጅ መዳፉን ዘርግቶ «ይሄ ውኃ ከገፈርሳ ነው አይደል?» አላቸው፤ ትምህርቱን ሊያሳየኝ እየተመለከተኝ።

«የምን ገፈርሳ?» አሉ ጋሽዬ። «ትናንት በቦቴ የመጣ ነው። ቶሎ በል፣ ወረፋ ነው።»